ዛፍ ያድናል የተባለው ጡብ

ባለፈው ሰሞን ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ስብሰባ ነበርና ጡረታ የወጣን መምህራን ሳይቀር ተጠራን። ኮቱ ገና ዛሬ የተገዛ የሚመስል ወጣት ተነሥቶ፣ በእንጨት ቤት መሥራት አካባቢን ይጠብቃል አለን። ዛፍ ሲያድግ አየሩን ያጠራል፤ ተቆርጦ ምሰሶ ሲሆንም ከአየር የሰበሰበውን በሆዱ ይዞ ይቆያል፤ ጡብና ሲሚንቶ ግን ቤት ከመሆናቸው በፊት የሚበሉት እሳት ለጉድ ነው፤ ውጭ አገር እኮ ይኼ ተደርሶበታል አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ሰው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ብስኩት እየበላሁ ነበርና ሳቅ ሲያመልጠኝ ትን አለኝ። አጠገቤ የነበረች ሴት ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ ውሃ ሰጠችኝ።

ልጁ አልዋሸም። ያለው ሁሉ ልክ ነው። ያሳቀኝ፣ ይህንኑ ነገር እናቴ በደርግ ጊዜ በአንዲት አጭር ጥያቄ አንሥታ «ፀረ ሕዝብ» ለመባል ምንም ያልቀራት መሆኑ ነው። ያኔ የዛሬውን ልጅ የሚያክል ሌላ ወጣት፣ እንዲሁ ደረቱን ነፍቶ፣ የእንጨት ቤት የደን ጠላት ነው ብሎን ነበር። ለእሱም ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆለታል። እኛ አገር ራስ የሚነቀንቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ መሪጌታ። ቤታችን ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጣና ዳር ነበር። የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከውሃው ማዶ፣ ዛፍ የዋጣት አንዲት ጉብታ ላይ ነው። በታንኳ ተሻግረው ይሄዳሉ፣ በታንኳ ይመለሳሉ። ቅዱስ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ቁጡ ነበሩ፣ ግትር ነበሩ፣ ቅኔ ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ግማሽ ሰው ይመስላቸው ነበር። እኔ መምህርት ሆኜ ደመወዝ መብላት ከጀመርሁ በኋላ እንኳ፣ እንግዳ ፊት «ይቺ ልጅ ሀሁ ታስቆጥራለች» ብለው ነው የሚያስተዋውቁኝ። በዚህ የተነሣ ስንት ቀን ተኳርፈናል።

ቤታችንን የሠሩት እማዬን ባገቡ ዘመን ነው። ቋሚው ወይራ፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ወጋግራ ጥድ፣ በሩ ዋንዛ፣ ግድግዳው ጭቃ በጭድ። እንጨቱ የተቆረጠው በበጋ፣ ጨረቃ ስትጎድል ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ላይ የተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል ይባላል። የቋሚዎቹ እግር ከመቀበሩ በፊት፣ ምስጥ እንዳይደፍረው፣ በእሳት ተለብልቧል። የሰፈራችን ወግ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ለቤት ብሎ ዛፍ የቆረጠ ሰው በምትኩ ችግኝ ሳይተክል ቤቱ አይመረቅለትም። ሽማግሌዎቹ ይመጡና መጀመሪያ ችግኙ የት አለ ይላሉ፤ ሄደው በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ጠላውን የሚቀምሱት። ያልተከለ ሰው ጠላውን ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ይጠጣዋል።

አባቴ የተከሉት ጥድ ነበር፤ ያውም ለምትክ የሚበቃውን ብቻ ሳይሆን ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጓሮ ሙሉ። ሲተክሉም ለማዶው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ብለው ተሳሉ። ጥድ አይቸኩልም። እኔ ከመወለዴ በፊት የተተከለው፣ እኔ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ከተማው ውስጥ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ መኖር ስጀምር ነው ለወጋግራ የደረሰው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በበኩሉ ጊዜው አልፎበት ነበር። እንጨቱ በስብሶ፣ ካህናቱ በድጋፍ አቁመውት፣ በቅዳሴ ሰዓት ዓይናቸው ወደ መጽሐፉ ሳይሆን ወደ ላይ ነበር። አባባም አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ተመላልሰው እንኳ አልመለስ ብሏቸዋል። በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ጣሪያ በእነዚያ ጥዶች ታድሶ፣ ከሥሩ ሆነው ማሕሌት መቆም። በሚመጣው ጥር ይቆረጣል ብለው ከካህናቱ ጋር ቃል ተግባብተው ነበር።

ከጥር በፊት ካድሬው መጣ።

ከሩቅ የመጣ ሰው እንዳይመስላችሁ። የዚያው አገር የገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገውም እንደ ማናችንም ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ኮርስ ወስዶ ሲመለስ ግን ጭቃ ሲነካ የሚነዝረው ሰው ሆኖ መጣ። ሰበሰበንና ደናችን እያለቀ ነው አለ። ይኼ እውነት ነበር። ደኑን የጨረሰው የእንጨት ቤት ነው አለ። ይኼ ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር፤ የመንደሩ ቤቶች አብዛኞቹ ከካድሬው በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ከተሠሩ ወዲህ አንዲት እንጨት ጨምሩልኝ አላሉም። መድኃኒቱ ጡብ ነው አለ። በሐይቁ ዳር የጡብ ቤቶች በረድፍ ይሠራሉ፤ በሞተር ጀልባ ወደ ቁንዝላ ወደብ የሚያልፉ እንግዶች ከውሃው ላይ ሆነው አብዮቱ የት እንደደረሰ ያያሉ። መፈክርም ነበረው፤ «አንድ ጡብ አንድ ዛፍ ያድናል!» ግራ እጃችንን አንሥተን አስተጋባን። እኔም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝና ከማንም አስበልጬ ጮህሁ።

እማዬ እጇን አወጣች። እማዬ ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ የሰፈሩ ሰው አንገቱን ይደፋል።

«ጡቡ በምን ይበስላል?» አለች።

ካድሬው በወዳደቀ ጭራሮ ነው አለ፤ አንዲት እርጥብ ዛፍ አትነካም አለ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ የአድኃሪ ጠረን አለው ብሎ አስጠነቀቀ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አባባን ጠርቶ ባለቤትዎን ይምከሩ ቢላቸው፣ እሷን እኔም አልቻልኋትም፣ እስቲ አብዮቱ ይሞክራት ብለውት ሄዱ። እስከ ቤት ድረስ ሲስቁ አየኋቸው።

ምድጃው ከጓሯችን ብዙም ሳይርቅ ተሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራን እየወጣን ጭቃ እንድንረግጥ ታዘዝን። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚተረተር ጥቁር ዋልካ። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፣ ክረምት ላይ ጫማ አድርጎ መንገዱን መሻገር ይበቃል። ካድሬውም ልጅ ሆኖ በዚያው ጭቃ ሲጫወት ነው ያደገው። ግን ሌላ አፈር ከራቀ ቦታ ይምጣ ማለት ሥራውን ያዘገያል፤ ሥራው ከዘገየ የበላይ ይቆጣል። ስለዚህ ዋልካው አብዮታዊ አፈር ሆነ፤ እኛም ረገጥነው።

ጭራሮው የመጀመሪያው ማቀጣጠያ ላይ አለቀ። ምድጃው ገና አፉን እንኳ አላሟሸም ነበር። ቀጥሎ ሰው ለቤት ማደሻ ብሎ ያቆየው የባሕር ዛፍ አጣና በመዋጮ ስም ተሰበሰበ። እሱም ነደደ። ከዚያ የመንገዱ ዳር ዋንዛዎች ተቆረጡ፤ ሕፃን አዋቂው ከፀሐይ የሚጠለልባቸው፣ ንቡ የሚሰማራባቸው ዋንዛዎች። በእያንዳንዱ ጊዜ ይኼ የመጨረሻው ነው ተባልን። ሙሉ ቤት ያለ ችግር የሚያቆም፣ ልጅና የልጅ ልጅ የሚያሳድግ እንጨት ገብቶ፣ የሚወጣው አንድ ጓዳ የማይጋርድ የጡብ ክምር ነው። አመዱ ከጡቡ ይበልጥ ነበር። እንዲያው በሞቴ፣ ለዛፍ አዝኖ ዛፍ የሚያነድ ሰው ከእኛ በቀር የት አገር አለ? ያንን ሁሉ የሚያይ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ሲደርስ ተነሥቶ አንድ ጡብ አንድ ዛፍ ያድናል ይላል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከእኛ ጥዶች በቀር በአቅራቢያው ቆሞ የቀረ ነገር አልነበረም።

እኔ የዚያን ቀን እዚያው ነበርሁ። ካድሬው መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ በጓሮው በኩል መጣ። ሰዎቹ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው፤ የስለት ዛፍ መሆኑን ያውቃሉ፤ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ከዚያ አንሥተው አያውቁም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ቆሙ። አባባ ወጡና በትራቸውን ተደግፈው ከመጀመሪያው ጥድ ፊት ተገተሩ። ለምን እንደተተከለ፣ ለምን እንደሚጠበቅ ተናገሩ። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲለምኑ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጥር ድረስ ብቻ ተዉልኝ አሉ፤ ልጁን አንቱ እያሉ ጭምር።

«አባት፣ ሕዝቡ ቤት ሳይኖረው እግዚአብሔር ጣሪያ ምን ያደርግለታል?» አላቸው።

«ሕዝቡማ ቤት ነበረው» አሉ አባባ።

ካድሬው ይህን እንዳልሰማ ሆኖ ለሰዎቹ ምልክት ሰጠ። ሰዎቹ ቆረጡ። እርጥብ ነበር፤ ደግሞም ዝናብ መትቶታል። እንዲህ ያለ ጥድ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ለቀናት ጭሱ ሐይቁ ላይ ተኝቶ ሰነበተ፤ ሽታው ከተማ ድረስ፣ እኔ የማስተምርበት ክፍል ድረስ ገባ። ልጆቹ መምህርት ምን ይሸታል አሉኝ። ወጥቼ ከክፍሉ ጀርባ አለቀስሁ። ንዴት ነበር። ጡቡ ከውጭ ቀላ ብሎ ከውስጥ ጥሬ ሆኖ ወጣ፤ ገሚሱ ገና ከምድጃው ሲወጣ ተሰነጠቀ። ካድሬው በስብሰባ ላይ ይህን የመሸጋገሪያ ወቅት ችግር ነው አለው።

በዚያው ክረምት ከማዶው ቤተ ክርስቲያን ወጋግራዎች አንዱ ተሰበረ። ሰው አልጎዳም፣ ግን ዝናቡ ገባ። ታቦቱን ወደ ዕቃ ቤቱ አሻገሩት። ይህ ለአባባ ተነገራቸው። እኚያ አፋቸው የማያርፍ ሰው መስከረምን ዝም፣ ጥቅምትን ዝም። ማዶ መሄድም ተዉ። እማዬ መጥታ አባትሽ እየሞቱብኝ ነው አለችኝ። በየሳምንቱ እየሄድሁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ተጋድመው ወደ ላይ፣ ወደ ቤታችን ጣሪያ ያያሉ።

ጥር ላይ እንደ ልማዴ ብሄድ የቤታችን ቆርቆሮ ወርዶ ደጅ ተደርድሯል። ጎረቤት በደቦ ተጠርቷል። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ ድምፃቸው ተመልሷል፤ አንዱን ቀስ በል፣ ሌላውን አንት ደንቆሮ ይላሉ። እማዬ ምጣዷንና ድስቷን ቆልላ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀምጣለች።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኋቸው።

«እንጨት እኮ ነው ልጄ፤ ይፈታል። ማዶ ሄዶ ይቆማል።»

እናንተስ የት ታድራላችሁ ብዬ ስጠይቅ ይህን ገና አላሰቡበትም ነበር። እማዬ ዞር ብላ፣ አየሽው አይደል፣ ለእግዜር ቤት ሲሠራ እኔን ረስቶኛል አለች። አንቱታውን ትታዋለች። አባባ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው ማዘዛቸውን ቀጠሉ። እኔም ንዴቴ በማን ላይ እንደሆነ ጠፋኝ። እማዬን ወስጄ ፔዳ፣ እኔ ተከራይቼ ካለሁበት ክፍል አስገባኋት፤ አባባ ከአንድ ጎረቤት ተጠጉ።

ያን ቀን ያየሁትን ግን አልረሳውም። ያ ሁሉ ዘመን መሬት ውስጥ የኖረው የወይራ ቋሚ ሲነቀል እግሩ እንደተለበለበ፣ ጥቁርና ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ምስጥ አልደረሰበትም። ወጋግራው ሲወርድ አንዱ ጎረቤት በመጥረቢያ ጫፍ ጫር ቢያደርገው የትናንት ጥድ መስሎ ሸተተ። የግድግዳው ጭቃ ፈርሶ ጓሮው ላይ ተበተነ፤ በሚቀጥለው ክረምት ዱባ ሲያወጣ አይቻለሁ። ከዚያ ቤት የተጣለ ነገር አልነበረም። እንጨቱን ጠፍረው ከታንኳ ኋላ እያንሳፈፉ አሻገሩት። አባባ ዳር ላይ ቆመው የመኝታ ቤታቸው ወጋግራ ውሃ ላይ ሲሄድ እያዩ ማሕሌት ያንጎራጉሩ ነበር። ግንቦት ላይ ጣሪያው ቆመ፤ ታቦቱ ገባ። አባባም እንደተመኙት ከሥሩ ቆሙ፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀመጡ። ካህናቱ ደክሟቸው ሲያርፉ እሳቸው አላረፉም።

ካድሬው የባዶውን ቦታ ወሬ ሲሰማ መጣ። እንጨት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው በተባለበት ጊዜ ያን ያህል እንጨት ለቤተ ክርስቲያን ማሻገር የሚያሳስር ነገር ነው፤ አባባን ይዟቸው ሊሄድ ነው ብለን ደነገጥን። እሱ ግን የራሱ ጭንቀት ነበረበት። የጡብ ቤቶቹ አልቀው ተደርድረዋል፤ ግድግዳቸው ከወዲሁ ተሰንጥቋል፤ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው አንድም ነፍስ አልገባም ብሏል። ሰኔ ላይ ደግሞ የበላይ ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አባት ኋላ ቀር ቤታቸውን በገዛ እጃቸው በማፍረሳቸው ለሕዝቡ አርአያ ሆነዋል አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርሁ ሰማሁት።

«እንጨቱ የት ሄደ ብዬ አልጠይቅዎትም አባት። እርስዎም የጡብ ቤቱን አልፈልግም አይበሉኝ።»

አባባ የማዶውን ጣሪያ አትንኩብኝ እንጂ እሺ አሉ።

ሰኔ ላይ እንግዶቹ መጡ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ ልጆች መዝሙር ዘመሩ፤ ያዘመርኋቸው እኔ ነኝ። ካድሬው ስለ ዛፍ ጥበቃ ረዥም ንግግር አደረገ። በዚያ ሁሉ አካባቢ ጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ ስላልነበረ እንግዶቹ በጋዜጣ ራሳቸውን ሸፍነው አዳመጡት። በመጨረሻ አባባ ተጠርተው ቁልፍ ተሰጣቸው። ቤታችን ቁልፍ ኖሮት አያውቅም፤ አገላብጠው አዩትና ለእማዬ ሰጧት። ጥቂት ቃል ይናገሩ ተባሉ። መጀመሪያ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከጥሬው ጡብ ትንሽ ተፈርፍሮ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ዛፎቼ እዚህ ውስጥ ነድደዋል» አሉ። «ቤቴ ደግሞ ማዶ ነው። እኔን የት ኑር እንደምትሉኝ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ካድሬው ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። እንግዶቹ እሱን አይተው አጨበጨቡ፤ እነሱን አይቶ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ልጆቹም መዝሙሩን ደገሙት። ወዲያው ማካፋት ጀመረና እንግዶቹ ወደ ጀልባቸው ሮጡ። እማዬ በሩን ከፍታ ምጣዷን አስገባች፣ ድስቷን አስገባች፣ አልጋውን ዝናብ ከማይነካው ጥግ አስጠጋች። ከዚያ ወጥታ ይግቡ እንጂ አለቻቸው። አባባ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ዝናቡ ሲበረታም እዚያው ቆሙ።